ወገብዎን የሚጎዳው የቱ ንዝረት ነው?

ማለዳ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በጎሮ ወይም በአያት መንደሮች ውስጥ ያለፈ ሰው ያረጀ የናፍጣ ፒክአፕ ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ አያጣውም። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አጉረምርሞ ይነሳል። መስታወቱ ይንቀጫቀጫል፤ መሪውን የያዘ እጅ ይነዝረዋል። ብርዱ እስኪለቅ ድረስ መላው ጋቢና እንደ ወፍጮ ቤት ይርገፈገፋል። ሾፌሩ ለምዶታል። ከዓመታት በኋላ ግን ከመኪናው ሲወርድ ወገቡን ይዞ ቀና ለማለት ጊዜ ሲወስድበት፣ «ይሄ መኪና ነው የጨረሰኝ» ማለት ይጀምራል።

ቅሬታው መሠረት አለው። ለረጅም ዓመታት መላ ሰውነትን የሚያናውጥ ንዝረት ከወገብ ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳለው በከባድ መኪና፣ በትራክተርና በአውቶቡስ ሾፌሮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያማርርበት ንዝረትና ወገብን የሚጎዳው ንዝረት አንድ አይደሉም። ይህን አለመለየት ገንዘብ ያስወጣል፤ ሕመሙም ባለበት ይቀራል። ባለመኪናው ሞተሩን ያስፈታል፣ ፖምፓና ኖዝል ያሠራል፤ መኪናው ቆሞ ሲሰማ ጸጥ ብሏል፤ ወገቡ ግን እንደነበረ ነው። መኪናውን መለወጥ ደግሞ ለብዙው ሰው አይታሰብም። ከ2012 ዓ.ም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ ተሽከርካሪ ከውጭ ማስገባት ውድ ሆኗል፤ እጅ ላይ ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለበት። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከዚያው መኪና ጋር ወገብን ጠብቆ መኖር የሚቻልበትን መንገድ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ወደ ሞተሩ እንሂድ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይለኮስም። አየሩን ወደ ሃያ እጥፍ ገደማ ጨምቆ፣ ከጭመቃው በሚወጣው ሙቀት ብቻ ነዳጁን ያቀጣጥላል፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ምት ኃይለኛ ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 12 ተኩል ዙር ይሆናል። በየዙሩ ሁለት ሲሊንደሮች ስለሚተኩሱ በሴኮንድ 25 ምት ማለት ነው። ይህን ፈጣንና ጥቃቅን ንዝረት የወንበሩ ስፖንጅና የመቀመጫችን ሥጋ በብዛት ውጠው ያስቀሩታል። ያሰለቻል፣ እጅን ያደነዝዛል፣ ያደክማል፤ እስከ አከርካሪ የሚዘልቀው ግን ጥቂቱ ነው።

አከርካሪ የሚፈራው ዘገም ያለውን ነው። የተቀመጠ ሰው ከታች ወደ ላይ ሲናጥ የላይኛው አካሉ ከሁሉ በላይ አብሮ የሚወዛወዘው በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚሆን ምት ነው። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ ያስቡ። በትክክለኛው ቅጽበት ከገፉት በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይሄዳል። በዚህ ምት ላይ ሰውነታችን ንዝረቱን አይውጠውም፤ ጭራሽ ያጎላዋል። ምቱ ደግሞ የሚመጣው በዋናነት ከሞተሩ ሳይሆን ከመንገዱ፣ ከጎማው፣ ከባሌስትራውና ካለቀው አሞርዛተር ነው።

ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው ዋናው ጎዳና በኮሪደር ልማቱ ታድሷል፤ በዚያ ላይ ሲነዱ የሚሰማዎት የሞተሩ ንዝረት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዋናው መንገድ ታጥፈው ወደ ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ይለወጣል። በጎሮም ሆነ በቦሌ አራብሳ፣ በአያትም ሆነ በቦሌ ቡልቡላ፣ ቤት እየተሠራ ባለበት ሰፈር ሁሉ ፒክአፑ የሚውለው በኮብልስቶን፣ በኮረኮንችና ተቆፍሮ በተመለሰ አፈር ላይ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር መንዳት ቀስ ብሎ መንዳት ይመስላል። በሴኮንድ ሲሰላ ግን አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። የኮብልስቶኑ ንጣፍ ሰጥሞ በየሜትሩ አንድ እብጠት ቢኖር ወገብዎ በሴኮንድ አምስት ስድስት ጊዜ ይመታል፤ ይኸውም አከርካሪው በማይወደው ምት ላይ መሆኑ ነው። ፍጥነቱን ወደ 10 ሲያወርዱ ምቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ምት ራሱም ይለዝባል። ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም።

በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያሉት ዲስኮች እንደ ትራስ ሆነው ምትን ያበርዳሉ። በአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር የለም ማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው። ሰው ተቀምጦ ሲውል በዲስኩ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። በዚህ ላይ መንገጫገጩ ሲታከል የወገብ ጡንቻዎች በየምቱ እየተኮማተሩ አካልን ለመያዝ ይሠራሉ፤ ከሰዓታት በኋላም ይዝላሉ፣ ምላሻቸውም ይዘገያል። ለወገብ በጣም አደገኛ የሆነው ቅጽበት እንግዲህ መንዳቱ ላይሆን ይችላል። ሾፌሩ ከመርካቶ ወይም ከማከፋፈያው ሁለት ሰዓት ተንገጫግጮ አያት ይደርሳል፤ ከጋቢናው ዘሎ ይወርዳል፤ ጊዜ እንዳያልፍበት ወዲያው 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከካሶኒው ይጎትታል። የዛለ ጡንቻና የተጨነቀ ዲስክ ጎንበስ ብሎና ዞር ብሎ የሚነሳ ከባድ ሸክም ያገኘው ያኔ ነው። ከወረዱ በኋላ አምስት አሥር ደቂቃ መኪናውን እየዞሩ ጎማና ጭነት ይመልከቱ፤ ይራመዱ፤ ወገብዎን ወደ ኋላ ለጠጥ ያድርጉ። ከዚያ ያንሱ። ወዝ አደር ካለ ደግሞ ለእርሱ ይተዉለት። ሾፌርም ጫኝም መሆን በአንድ ወገብ ሁለት ደመወዝ መብላት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2002 ባወጣው መመሪያ ሠራተኞች በቀን ምን ያህል የመላ ሰውነት ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ወስኗል። ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲሰላ ንዝረቱ በሴኮንድ ካሬ 0.5 ሜትር ሲደርስ አሠሪው እርምጃ መውሰድ አለበት፤ 1.15 ሜትር ደግሞ መታለፍ የሌለበት ጣሪያ ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ በየጋራዡ ስለማይገኝ ቁጥሮቹን መያዝ አይጠበቅብዎትም። ከስሌቱ ጀርባ ያለው ግንኙነት ግን ለማንኛውም ሾፌር ይጠቅማል፦ ንዝረቱ በግማሽ ሲቀንስ ያው ጫና ላይ ለመድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ዛሬ በሁለት ሰዓት የሚደርስብዎት ጫና ንዝረቱን በግማሽ ከቀነሱት በስምንት ሰዓት ነው የሚደርስብዎት። ትንሽ የምትመስል ማሻሻያ ከገመቱት በላይ የምትከፍለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ብሩ ውስን ከሆነ ከየት ይጀመር? የእኛ ምክር ከወንበሩ ነው። በሃያ ዓመት ፒክአፕ ውስጥ የወንበሩ ስፖንጅ በአብዛኛው አልቋል፤ ሾፌሩ የተቀመጠው በጨርቅ በተሸፈነ ብረት ላይ ነው። ብዙዎች ከላይ ለስላሳ ትራስ ይጨምራሉ። ትራሱ ቆሞ ሲቀመጡበት ይመቻል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ግን እስከ ታች ይደቆስና ምቱን እንዳለ ያስተላልፋል። ወንበር ለሚያለብሱ ባለሙያዎች ወስዶ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ማስገባትና የላላውን ሽቦ ማስጠገን ይሻላል። ወንበሩ ከወለሉ ጋር የታሰረበት ብሎን መጥበቁንም በዚያው ያስዩ። መደገፊያውን ትንሽ ወደ ኋላ ያጋድሙት እንጂ ዘጠና ዲግሪ ቀጥ ብለው አይቀመጡ። ፍሪሲዮን ሲረግጡ መቀመጫዎ ከወንበሩ መነሳት፣ ጉልበትዎም ሙሉ በሙሉ መዘርጋት የለበትም። ከኋላ ኪስዎ የገንዘብ ቦርሳውን ያውጡ፤ በአንድ ጎን ከፍ ብሎ መቀመጥ ዳሌንና ወገብን ያጣምማል።

ቀጥሎ ጎማ ነው። ለጭነት ተብሎ እንደ ድንጋይ የተነፋ ጎማ ባዶውን ሲሄድ እያንዳንዱን ጠጠር ወደ ጋቢና ያመጣል። ትክክለኛው የንፋስ መጠን ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ተለጥፏል፤ ለባዶና ለጭነት የተለያየ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ጎሚስታ ጋር ማስለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በአስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ ብቻ የሚመጣ የመሪ መንቀጥቀጥ ደግሞ በአብዛኛው የጎማ ባላንስ ጉዳይ ነው።

አሞርዛተርና ባሌስትራ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ስለሚል እንጂ ጥቅማቸው ስላነሰ አይደለም። አሞርዛተር ሲያልቅ መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላም መዋዠቁን አያቆምም፤ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ጎማውም እዚህም እዚያም እየተቦረቦረ ይበላል። ባሌስትራን በተመለከተ በከተማችን የተለመደ ነገር አለ፤ ብዙ ለመጫን ተብሎ ተጨማሪ ቅጠል ይገባበታል። የጫነ ቀን ጥሩ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን ወይም በጥቂት ዕቃ ለሚመላለስ ሰው ግን የተጨመረው ቅጠል በቀጥታ ወገብ ላይ የተጨመረ ነው። ጭነትዎ ከተለወጠ ማስወጣት ይችላሉ።

ሞተሩን እስከ አሁን ያቆየነው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ግን የሞተር ንዝረት ችላ ይባላል ማለት አይደለም። ሞተሩ የተቀመጠባቸው የጎማ መደገፊያዎች ሲደርቁና ሲሰነጠቁ ንዝረቱ በሙሉ ወደ ጋቢና ይገባል፤ ሞተር ሳይፈታ ሊቀየሩ የሚችሉ በመሆናቸው ፖምፓና ኖዝል ከማሠራትዎ በፊት መካኒኩ እነርሱን እንዲያይ ይጠይቁት። ጠዋት ብቻ ተንቀጥቅጦ ሲሞቅ የሚተው ከሆነ ካንዴሌታውን ያስፈትሹ። ትላንት ያልነበረ መንቀጥቀጥ ዛሬ በድንገት ከመጣ፣ ፍሬን ሲይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ወይም መሪው ከላላ ግን ነገሩ ከወገብ ሕመም አልፎ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ቦሎ እስኪታደስ መጠበቅ አይገባም።

ከንዝረት ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ጉዳት አለ፤ እሱም ጭስ ነው። ለዓመታት የተንቀጠቀጠ መኪና የጭስ ማውጫ ቧንቧው መገጣጠሚያ ይላላል፣ የበሩ ጎማም ያልቃል፤ ጭሱ ወደ ጋቢና መንገድ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተርን ጭስ እ.ኤ.አ በ2012 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። እየነዱ ራስዎን የሚያምዎት፣ የሚያጥወለውልዎት ከሆነ መስኮት ከፍተው ይውጡ፤ ቧንቧውንም ያስፈትሹ። ጠዋት ሞተር ለማሞቅ ተብሎ በሩ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ወደ ሕመሙ እንመለስ። በእኛ ዘንድ የጎንና የታችኛው ጀርባ ሕመም ሲመጣ «ኩላሊቴን ነው» ማለት የተለመደ ነው። ሲጎነበሱ፣ ከወንበር ሲነሱ ወይም ሲገላበጡ የሚብስ ሕመም በአብዛኛው የጡንቻ፣ የመገጣጠሚያ ወይም የዲስክ ነው። የኩላሊት ሕመም በአቀማመጥ ብዙም አይለዋወጥም፤ ትኩሳት፣ የሚያቃጥል ሽንት ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት አብሮት ሊኖር ይችላል። ይሁንና ሾፌሮች ኩላሊታቸውን የሚጎዱበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። መንገድ ላይ መጸዳጃ ስለማይገኝ ሆን ብለው ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ፤ ይህም ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል።

ሌላው የተለመደ ነገር ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ መዋጥ ወይም መወጋት ነው። መድኃኒቱ ሕመም ያስታግሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ሲወሰድ ግን ጨጓራን ያቆስላል፤ የደም ግፊት ያለበትን ሰው ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ከላይ ያነሳነውን ውኃ የማይጠጣ ሾፌር ያስቡ። ሕመሙ ተሸፍኖለት ያንኑ ሸክም ሲያነሳ ይውላል። የወገብ ቀበቶም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2016 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ዲሴምበር 2023) ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶን በመደበኛ ሕክምናነት አይመክርም፤ የአካል እንቅስቃሴንና ስለ ሕመሙ ማወቅን ያስቀድማል። ድርጅቱ እንደሚለው እ.ኤ.አ በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው።

ድንገት የመጣ የወገብ ሕመም በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል። አልጋ ላይ መዋል አያድንም፤ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ጭራሽ ጡንቻውን ያሰንፈዋል። ሕመሙ የሚፈቅደውን ያህል ይራመዱ፣ ቀላል ሥራ ይሥሩ፤ ለጊዜው ከባድ ማንሳትንና ረጅም መንዳትን ይቀንሱ። ወጌሻ ጋር መሄድ የለመዱ ካሉ አንድ ነገር እንለምናቸዋለን፦ እግር የሚደነዝዝ ወይም የሚከዳ ከሆነ ወገብዎን ማንም እንዲጠመዝዘው አይፍቀዱ፤ መጀመሪያ በሐኪም ይታዩ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ በኩል ከጉልበት በታች እየወረደ የሚደነዝዝ ከሆነ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልዎታል። በሁለቱ ጭኖች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ እግር እየደከመ ከሄደ ግን በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ ሰዓታት ለውጥ ያመጣሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ የጀርባ ሕመምን ደግሞ በመኪናው አያመካኙ። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ነው፤ በሽታው አከርካሪንም ይይዛል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

በጎን የሚቀመጠውና ከኋላ የሚጫነው ሰውም ወገብ አለው። የቀን ሠራተኞችን በካሶኒው ላይ ጭኖ መሄድ የመውደቅ አደጋው እንዳለ ሆኖ፣ በኋላ ባሌስትራው ላይ በባዶ ብረት መቀመጥ ነው። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን፣ በተለይም እናቶች፣ በአንድ ያልታሰበ ጉብታ የአከርካሪ አጥንታቸው ሊሰበር ይችላል፤ ሚኒባስ ሲሳፈሩም የመጨረሻው ወንበር ለእነርሱ አይሆንም። ነፍሰ ጡር ከፊት ትቀመጥ፤ ቀበቶው አንዱ በጡቶቿ መካከል፣ ሌላው ከሆዷ በታች በዳሌዋ ላይ ይለፍ፤ መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ ጉዞው ይዘግይ። ከጉዞ በኋላ ደም ከታያት፣ ሆዷ እየተኮማተረ ካመማት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ሳትውል ሳታድር ትታይ።

በመጨረሻም ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «ወገቤን ያመኛል» ብለው ብቻ አያቁሙ። ወረፋው ረጅም፣ የምርመራው ጊዜ አጭር ነውና ስለ ሥራዎ ሳይጠየቁ ሊወጡ ይችላሉ። ሾፌር መሆንዎን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚነዱ፣ ምን ዓይነት መንገድ ላይ እንደሚውሉ፣ ጭነት ራስዎ እንደሚያወርዱ፣ ሕመሙ በዕረፍት ቀንዎ ይቀንስ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት ሲወስዱ እንደቆዩ ይንገሩት። የሚነዱት የመሥሪያ ቤት ወይም የድርጅት መኪና ከሆነ የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ወንበሩና አሞርዛተሩ እንዲታይ በጽሑፍ ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የድርጅት ሾፌር የሥራ ቦታው ደግሞ ያ ወንበር ነው።